በሸሕዲ ሐሩር ቫልቭ ማሞቅ

ግራ ጆሮዬ የተጎዳው በሥራ ላይ ነው። ሸሕዲ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ሬዲዮና ስልክ፣ ስፒከርና ማጉያ የምጠግንባት አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። አንድ ቀን የሠርግ መኪና ላይ የሚጫን ትልቅ ስፒከር ከፍቼ፣ ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ አስገብቼ የተበጠሰ ሽቦ ስፈልግ፣ ባለቤቱ "እስቲ ሠርቶ እንደሆነ ልየው" ብሎ ከጀርባዬ ማጉያውን ከፈተው። ጩኸቱ እንደ ወስፌ ነው የገባው። ለሁለት ቀን በዚያ ጆሮ ምንም አልሰማሁም። በሦስተኛው ቀን መስማት ጀመርኩ፤ ግን ሹል ድምፅ ሁሉ ጠላቴ ሆነ። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ፣ የባጃጅ ፍሬን ሲያፏጭ፣ ቆርቆሮ ሲቆረጥ፣ ሕመሙ ጥርሴ ሥር ድረስ ይሰማኛል።

ጎንደር ወጥቼ ለሐኪም ታየሁ። ሐኪሟ ጆሮዬን ረጅም ጊዜ ከመረመረች በኋላ፣ "ጆሮሽ አልሞተም፤ ተቆጥቷል" አለችኝ። "ጩኸት ካለበት ራቂ። ሙዚቃ ከሰማሽም ዝቅ አድርገሽ፣ እያሳረፍሽው ስሚ።"

እኔ የሰማሁት ይህን ነው። አባቴ የሰሙት ግን ሌላ ነው። አባቴ በወጣትነታቸው ከደጋ ወርደው እዚህ ቆላ የቀሩ ሰው ናቸው። ሰሊጥም ማሽላም አርሰዋል፤ ኋላ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ተከሉ። እኔም ያደግኩት እዚያ ወፍጮ ቤት ነው፤ ሞተሩ ሊበላሽ ሲል ከእሳቸው ቀድሜ በድምፁ የማውቅ ልጅ ነበርኩ። ከጎንደር ስመለስ ሱቁ በር ላይ ጠበቁኝ።

"በቃ፣ ይህን የሽቦ ሥራ ተይው" አሉ። "ሱቁን የልብስ አድርጊው። ጆሮ እንደ ጥርስ አይተከልም።"

"አባዬ፣ ወፍጮው ጣትዎን የቆረጠዎት ጊዜ ወፍጮውን ዘጉት?"

የጎደለውን ጣታቸውን አዩት። እኔም በማግስቱ ሱቄን ከፈትኩ፤ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፌ።

በዚያ ሰሞን የሱዳኑ ጦርነት ብዙ ሰው በመተማ በኩል አሻግሮ ነበር። ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራዩኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ካርቱም ዑድ የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ሲያስተምሩና ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ሲቀርጹ የኖሩ ሰው። ሰዉ ሁሉ ኡስታዝ ይላቸዋል፤ መምህር ማለት ነው። የተወለዱት ከድንበሩ ማዶ፣ ገዳሪፍ ነው። ልጅ ሳሉ ሰሊጥ ለማጨድ ከሚሻገሩ የእኛ አገር ሰዎች ጋር ውለው አማርኛ ተምረዋል። አማርኛቸውም የአጫጅ አማርኛ ነው፤ ስድቡንና ምርቃቱን አጥርተው ያውቁታል፤ መሃል ላይ ያለው ይቸግራቸዋል። ዑዳቸው አልተሻገረም። ኬላውን አልፎ የመጣው በፎጣ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ሄድፎን ብቻ ነው።

ጥጡን ጆሮዬ ውስጥ ሲያዩ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ክፍላቸው ገብተው ሄድፎኑን ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"ይህ እንደ ሌላው አይደለም" አሉ። ሽፋኑን ነቅለው አሳዩኝ። ተራ ሄድፎን ውስጥ እንደ ትንሽ ከበሮ የምትርገበገብ ክብ ወረቀት አለች። ይህኛው ውስጥ ግን ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ገጽ በማግኔቶች መካከል ተወጥሯል። ድምፁ ከአንድ ነጥብ አይነሣም፤ ገጹ ሁሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ደግሞም ለትንሽ ጉልበት የሚታዘዝ ዓይነት ነው፤ ገና ሲነኩት ይሰማል።

ስልኬ ላይ ሰካሁት። ኡስታዝ ከጦርነቱ በፊት ቀርጸው ኢንተርኔት ላይ የጫኑትን የራሳቸውን የዑድ ጨዋታ ከፈቱልኝ። እውነቴን ነው፣ ጣታቸው ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሳይቀር ሰማሁ። ግን ድምፁ እንደ ቋንጣ ደረቅ ነበር፤ ክሩ በተመታ ቁጥር ግራ ጆሮዬን ጫፉ ይወጋኛል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አወለቅኩት።

"ጥፋቱ የሄድፎኑ አይደለም፣ ያ ቢንቲ" አሉ። በዓረብኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "ስልክሽ ሁሉን ነገር ይነግርሻል፤ ግን እየተቆጣ ነው የሚነግርሽ። ባለ ቫልቭ ማጉያ ፈልጊ።"

ቫልቭ በድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ እንደ አምፖል የምትግል የብርጭቆ ዕቃ ናት። እኔ ከእሷ በኋላ የመጣሁ ነኝ፤ የተማርኩት በትራንዚስተር ነው። ስለዚህ ተከራከርኳቸው። "ቫልቭ እኮ ድምፁን እንዳለ አታወጣም። የራሷን ትጨምርበታለች። ውሸት ነው።"

"አዎ፣ ትዋሻለች" አሉ ኡስታዝ ሳያፍሩ። "ግን የሽማግሌ ውሸት ናት። የተጣላ ሰው ለማስታረቅ የምትነገር።"

ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። ለሌላ ሰው ነገሩ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ሁለት ነገር ባንድ ላይ መገኘት ነበረበት። አንደኛው ሙቀት ያለው ለስላሳ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ዝምታ ነው። ጮክ አድርጎ የሚሰማ ሰው የማጉያውን እዝዝታ፣ ያን ንብ የመሰለ ድምፁን፣ ሙዚቃው ይሸፍንለታል። እኔ ዝቅ አድርጌ ነው የምሰማው፤ የሚሸፍንልኝ የለም። ሄድፎኑ ደግሞ ማጉያው የሚተነፍሰውን ሁሉ ሳይደብቅ ያመጣል።

መጀመሪያ ጎንደር ወደሚገኝ አንድ የድምፅ ዕቃ ነጋዴ ሄድኩ። ሄድፎኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ በሚኒባስ ስወጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ነጋዴው የምፈልገውን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ።

"ከየት ነው የመጣሽው፣ እህቴ?"

"ከሸሕዲ።"

"ሸሕዲ! ለማን ልታሰሚ ነው? ለሰሊጡ?" ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎችም ሳቁ። "እዚያ እኮ የሚፈለገው ጮክ የሚል ነገር ነው። ይኸው፣ ይህን ውሰጂ፤ ከተማውን ያናውጣል።"

"የማያናውጥ ነው የምፈልገው" አልኩት። "ባለ ቫልቭ አለህ ወይስ የለህም?"

ከመደርደሪያ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ዕቃ አወረደ። አናቱ ላይ ሁለት ቫልቮች ተተክለዋል። ሲሰካው ወዲያው፣ ቁልፉን ገና ከመጫኑ፣ ቫልቮቹ ከሥር በኩል ቀሉ። ያን ጊዜ ነው የተጠራጠርኩት። እውነተኛ ቫልቭ ለመጋል ጊዜ ይፈልጋል፤ እንደ ከሰል ቀስ ብሎ ነው የሚቀላው። ጣቴን አስጠጋሁ። ቀዝቃዛ ነው። በሄድፎኑ ሰማሁት፤ ያው የስልኬ ድምፅ ነው፤ ያው ወስፌ። ነጋዴው "ሙቀቱ ይሰማሻል አይደል?" ይለኛል።

ከቦርሳዬ ካቻቪቴ አወጣሁ። "ልክፈተው?" አልኩት።

"ትከፍቺዋለሽ? አንቺ?"

"ገዢ ዕቃውን ማየት አይችልም?"

ሰዎቹ እያዩት ስለነበር እንቢ ማለት አልቻለም። አራት ብሎን ፈታሁና ክዳኑን አነሣሁት። ከእያንዳንዱ ቫልቭ ሥር አንዲት ቀይ የጌጥ መብራት ተሰክታለች፤ ብርሃኑ የእሷ ነው። ቫልቮቹ ላይ የሚሄድ ሽቦ እንኳ የለም። ድምፁን የሚያጎላው በጥግ የተደበቀ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ጥቁር ቺፕ ነው። ለሁለቱም ሰዎች አሳየኋቸው። "እነዚህ ለጌጥ ነው የቆሙት፤ ሥራ የላቸውም" አልኩ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ መልሼ አሠርኩለት፤ ሥራዬ ነውና አንዱንም አላጎደልኩበትም። ከሱቁ ስወጣ ከሁለቱ ሰዎች አንደኛው ተከትሎኝ ወጥቶ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ቤቱ የተበላሸ ቴፕ አለው።

ሁለተኛውን ማጉያ ያመጣችልኝ ዱባይ እየተመላለሰች የምትነግድ የአክስቴ ልጅ ናት። ይህኛው የእውነት ባለ ቫልቭ ነው። መንገድ ተዘግቶ ጎንደር ላይ ስለቆየ ብዙ ሳምንት ጠበቅሁት። የደረሰ ቀን ሱቄ በሰው ተሞላ፤ ስልክ ሊያስጠግኑ የመጡ፣ መኪና የሚጠብቁ፣ ዝም ብለውም ያለፉ። ቫልቮቹ ሲግሉ አንዱ፣ "እንቁላል ልትጠብሺበት ነው?" አለ። አባቴም ከወፍጮ ቤት በዱቄት ነጥተው መጡ።

"ደጁ እንዲህ እየነደደ፣ አንቺ ደግሞ ቤት ውስጥ ሌላ እሳት ታነጂያለሽ" አሉ።

ሄድፎኑን አጠለቅሁ። ድምፁ ለስላሳ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የኡስታዝ ዑድ አልወጋኝም። ግን ከዑዱ ሥር፣ ሳይቋረጥ፣ የንብ ቀፎ አለ። በምቱና በምቱ መካከል ባለው ዝምታ ሁሉ ይጮሃል። ለኡስታዝ ሰጠኋቸው። ጥቂት ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በኋላ በቴስተር ስለካው ምክንያቱ ገባኝ። ማጉያው የተሠራው ብዙ ቮልት ለሚጠጡና ኃይል ለማይሰማቸው ሄድፎኖች ነው። መውጫው ላይ ጉልበቱን ገርቶ የሚያወርድ ትራንስፎርመር የለውም፤ ቫልቮቹ በቀጥታ ሄድፎኑ ላይ ነው የሚጮሁት። ለፈረስ የተሰፋ ኮርቻ ግልገል ላይ እንደመጫን ነው።

ለአክስቴ ልጅ ደውዬ እንደምመልሰው ነገርኳት። ተናደደች።

"ድምፁ እኮ ጥሩ ነው! ራሴ ሰምቼዋለሁ። አንቺ ነሽ የምታበዢው።"

"አዎ፣ አበዛለሁ" አልኳት።

ያን ቀን ንዴቴ በእሷ አልነበረም። እዚህ ቆላ የሚወርድ ዕቃ ሁሉ "ለእነሱ ይበቃል" ተብሎ ነው የሚወርደው። ቶሎ የሚላጥ ቀለም፣ በሳምንቱ የሚቃጠል አምፖል፣ ገና ሳይታጠብ የሚለቅ ጨርቅ። ከእኛ የሚወጣው ሰሊጥ ግን ተነፍቶ፣ ተለቅሞ ነው፤ አንድ ጠጠር ከተገኘበት ይመለሳል። እኛ ለሌላው የምንልከው አንደኛ ደረጃ ከሆነ፣ አንዲት የሸሕዲ ሴት ለራሷ ጆሮ አንደኛ ደረጃ ብትመርጥ ምን ነውር አለበት? ሱቄ ውስጥ ለተሰበሰቡት ሁሉ እንዲህ ብዬ ተናገርኩ፤ ድምፄም ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። እንቁላል ያለው ሰውዬ፣ "ይቅርታ፣ ለጨዋታ ነው" አለ።

"ከእንግዲህ አትግዢ" አሉኝ ኡስታዝ። "የሞተ ሬዲዮ ፈልጊ።" ባለ ቫልቭ የድሮ ሬዲዮ ስፒከሩን የሚነዳው በትራንስፎርመር ነው፤ ያ ትራንስፎርመር ለሄድፎናችን የሚስማማ ነው። ከካርቱም ሲሸሹ ስለተለየቻቸው ሴት ልጃቸው ወሬ ለመጠየቅ መተማ ዮሐንስ መሄድ ስለነበረባቸው አብረን ሄድን።

ድንበሩ አጠገብ አሮጌ ብረት የሚሰበስብ አንድ ነጋዴ አለ። ግቢው ውስጥ የተጣመመ አልጋ፣ የማረሻ ዲስክ፣ የራዲያተር ክምር ሞልቷል። ኡስታዝ ወደ ሱዳን የሚያሻግረውን ድልድይ አላዩትም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው የቆሙት። እኔ ክምሩን ስበረብር ከራዲያተሮቹ ሥር የእንጨት ገላ ያለው፣ አንድ ሰው በሁለት እጁ የሚሸከመው ሬዲዮ አገኘሁ። ፊቱ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ግን በአቧራ ተሸፍኖ እንዳለ ነው።

"እሱን ነገ ልሰብረው ነው" አለ ነጋዴው። "መዳብ አለው።"

"አትሰብረውም" አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳዘዝኩት አላውቅም። ከበሩ አጠገብ የቆመው የኤሌክትሪክ ሚዛኑ ቁጥር ማሳየት ስላቆመ ዕቃ በዓይኑ ሲገምት አይቼው ነበር። "ሚዛንህን ልሥራልህ፤ ሬዲዮውን ስጠኝ።"

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ሚዛኑን ሠራሁለት፤ አይጥ የበላው ሽቦ ነበር። ሬዲዮውን ተሸክመን ስንመለስ ኡስታዝ እንደ ወጣት ፈጥነው ይራመዱ ነበር። ልጃቸው ደኅና መሆኗን ሰምተዋል።

ሁለት ወር ፈጀብኝ። ኔትወርክ ሲኖር ሥዕል እያወረድኩ፣ ሲጠፋ እየገመትኩ ሠራሁ። ትራንስፎርመሮቹ ደኅና ናቸው፤ ከቫልቮቹ ሁለቱ በሕይወት አሉ። የደረቁትን አካላት ከሞቱ ቴሌቪዥኖች በነቀልኳቸው ቀየርኩ። ባለ ቫልቭ ዕቃ ግን እንደ ስልክ አይደለም፤ ውስጡ የሚገድል ኃይል አለ፤ ከተነቀለ በኋላም ይዞ ይቆያል። አንድ ከሰዓት በኋላ ተዘናግቼ ነካሁት። ካቻቪቴው ከእጄ ተወርውሮ ቆርቆሮውን መታ፤ እኔም ከወንበሬ ወደቅሁ። አባቴ ድምፁን ሰምተው ሲገቡ መሬት ላይ ተቀምጬ እጄን አያለሁ።

እጄን ይዘው አገላብጠው አዩትና ወደ ወፍጮ ቤታቸው ተመለሱ። በማግስቱ ማለዳ የወፍጮውን መጠባበቂያ ባትሪ በትከሻቸው ተሸክመው መጡና ጠረጴዛዬ ሥር አወረዱት።

"እንደማትተዪው አውቄዋለሁ" አሉ። "የእኔ ልጅ ነሽ። ከምትሞቺብኝ በዚህ አድርጊው። ባትሪ ሰው አይገድልም።"

ባትሪ ብቻውን ያን ማጉያ እንደማያንቀሳቅሰው ልነግራቸው ስል ዓይኔ ባትሪው ላይ ቀረ። ሳምንት ሙሉ እምቢ ያለኝ እዝዝታ የሚመጣው ቫልቮቹን ከሚያግለው የመብራት ኃይል ነበር። እያንዳንዷ ቫልቭ ለመጋል ስድስት ቮልት ገደማ ትፈልጋለች፤ ሁለቱ ተከታትለው ቢያያዙ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። የአባቴ ባትሪም አሥራ ሁለት ነው። ቫልቮቹን በባትሪው አጋልኳቸው። ዋናውን ትራንስፎርመር አዙሬ ራቅ አደረግሁት። መውጫው ላይ የሄድፎኑን ንቃት የሚያበርዱ ትናንሽ ሬዚስተሮች በስታኞ አጣበቅሁ። ከዚያ ወዲያ ውስጡን ስነካ ሁልጊዜ ኃይሉን አስቀድሜ አፈስሳለሁ፤ ኃይሉ በልቤ እንዳያልፍም አንድ እጄን ኪሴ እከታለሁ። ይህን ለአባቴ ማልኩላቸው።

የመጀመሪያውን ጊዜ የሰማነው በጠዋት ነው፤ ሙቀቱ ሳይነሣ፣ ትራክተሮቹም ወደ እርሻ መውጣት ሳይጀምሩ። ሄድፎኑን አጥልቄ ድምፁን ሳልከፍት ጠበቅሁ። ምንም የለም። ንብም የለም፣ ነፋስም የለም። ማጉያው ጠፍቷል ብዬ ቫልቮቹን አየሁ፤ ቀልተዋል። ከዚያ ዑዱን ከፈትኩ፤ በጣም ዝቅ አድርጌ። ክሩ ክብ ሆኖ መጣ፤ እንጨቱ ሲያስተጋባ ይሰማል። ጫፉ አልወጋኝም። ጨዋታው እስኪያልቅ ሰማሁት፤ ጆሮዬ ከተጎዳ ወዲህ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጥርሴን ነክሼ እንደነበር ያወቅሁት ሲያልቅ ነው።

ኡስታዝ ተቀብለው አጠለቁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አውልቀው፣ "ቀኝ እጄ ያን ጊዜ ሰነፍ ነበር" አሉ። "ማንም አልነገረኝም።" ከዚያም እንደገና አጠለቁት።

ክረምቱ ሳይገባ ልጃቸው አዲስ አበባ ደርሳ አስጠራቻቸው። ሄድፎኑን አጽድቼ፣ በፎጣቸው ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። አልተቀበሉኝም።

"ይህ የእርስዎ ነው፤ ከቤትዎ የተረፈው እሱ ብቻ ነው" አልኳቸው።

"እኔ ዑድ እፈልጋለሁ። ዑድ በደረት ነው የሚሰማው" አሉና ፎጣውን ብቻ ወሰዱ። አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ሚኒባስ ገቡ። አልፎ አልፎ ይደውላሉ። ዑድ አግኝተዋል፤ መጥፎ ዑድ ነው ይላሉ፤ ግን ይጫወታሉ።

ዛሬም "ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?" የሚለኝ አለ። የአክስቴ ልጅ ሱቁን ዘግቼ ጎንደር እንድገባ፣ እዚያ ቢያንስ የሚገባው ሰው እንደማገኝ ትመክረኛለች። አልሄድም። ባለፈው የአጨዳ ወቅት ከጎጃም ለሥራ የወረደ አንድ ጎልማሳ የስልኩን ሚሞሪ ላስተካክልለት አምጥቶ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀሉትን ቫልቮች አየና መስማት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ስልክ ሊቀበል የቆመ ነጋዴ፣ "ለቀን ሠራተኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ዕቃ?" ብሎ ሳቀ። ለነጋዴው ስልኩን ሰጥቼ ሸኘሁት፤ ሠራተኛውን ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት።

ከራሱ ሚሞሪ አንድ የአገሩን ዘፈን መረጠ። "ከፍ አድርጊው" አለኝ።

"አላደርግም። ዝም ብለህ ስማ።"

ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሄድፎኑን አወለቀ።

"ከኋላ ሆና የምታጨበጭብ አንዲት ሴት አለች" አለ። "አንዳንዴም ትስቃለች። ይህን ዘፈን ስንት ዓመት ይዤው ስዞር፣ እሷ መኖሯን አላውቅም ነበር።"

ነገም መምጣት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ጠዋት፣ ትራክተሮቹ ሳይነሡ እንዲመጣ ነገርኩት።